ዱዌል በሩሲያ ልቦለድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

(ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዱዌል፣ ማለትም ክብርን ለማስመለስ በሽጉጥ መጋጠም፣ በሕግ የተፈቀደ ነበር።»
አልነበረም። ታላቁ ጴጥሮስ በ1716 ያወጣው የሠራዊት ደንብ ቅጣቱን ስቅላት አድርጎታል። በሌርሞንቶፍ «የዘመናችን ጀግና» ፔቾሪንና ግሩሽኒትስኪ ገደል አፋፍ ላይ የተጋጠሙት በከፊል ለዚህ ነው፤ የተመታው ይወድቃል፣ ሐኪሙ ጥይቱን ያወጣል፣ ከዚያ «ገደል ገብቶ ሞተ» ይባላል።

«ቁጣ የገፋው ሁሉ ሽጉጡን መዝዞ ይተኩስ ነበር።»
ደንቡ ጥብቅ ነው። ተጋጣሚዎቹ አጃቢ ይይዛሉ፤ የአጃቢ የመጀመሪያ ሥራው ማስታረቅ ነው፣ ርቀት መለካትና ሽጉጥ ማጉረስ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በፑሽኪን «የቭጌኒ ኦኔጊን» የሌንስኪ አጃቢ ዛሬትስኪ የግጥሚያውን ጥሪ ለኦኔጊን ሲያደርስ ስለ እርቅ ትንፍሽ አላለም። ኦኔጊን እንቅልፍ ጥሎት አርፍዶ መጣ፤ አጃቢዬ ብሎ ያቀረበውም ፈረንሳዊ አሽከሩን ነው። ይህ ከመኳንንት ወገን ለሆነው ለዛሬትስኪ ስድብ ነበር፤ በዚህ ብቻ እንኳ ግጥሚያውን ማስቀረት ይችል ነበር። ከንፈሩን ነክሶ ዝም አለ፤ 32 እርምጃም ለካ። ሁለቱ መጀመሪያ አራት አራት፣ ቀጥሎ አምስት አምስት እርምጃ ተቀራረቡ፤ የቀረው 14 ብቻ ነው። ሌንስኪ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያነጣጥር ኦኔጊን ቀድሞ ተኩሶ ገደለው። ለእኔ የዛሬትስኪ ጥፋት ከተኳሹ አያንስም።

«ክብሩ የተነካ ሁሉ መጋጠም ይችል ነበር።»
መኳንንት የሚጋጠመው ከመኳንንት ጋር ነው። ገበሬ ቢሰድበው ያስገርፈዋል እንጂ አይጋጠመውም። በ1785 የወጣው የንግሥት ካትሪን ቻርተር (የመብት ሰነድ) መኳንንቱን ከግርፋት ነጻ ሲያደርግ የገበሬውን ጀርባ አላዳነም።

«የተያዘ ሁሉ በሕጉ መሠረት ይቀጣ ነበር።»
በእኛ አገር ከሥራው ይልቅ በቅድመ አያቱ የሚነሳው ፑሽኪን ራሱ በ1837 በዱዌል ሞቷል። የተኮሰበት ዳንቴስ ሞት ተፈረደበት፤ ዛር ቀዳማዊ ኒኮላይ ግን ቅጣቱን ማዕረግ ወደ መግፈፍና ከአገር ወደ ማባረር ዝቅ አደረገው። የፑሽኪን አጃቢ ዳንዛስ ሁለት ወር ታሰረ።

«ዘመን ሲገፋ ዱዌል እየተከለከለ ሄደ።»
ለመኮንኖች የሆነው ተቃራኒው ነው። ከ1894 ጀምሮ የመኮንኖች የክብር ችሎት ዱዌል ማዘዝ ቻለ፤ እምቢ ያለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥራውን ይልቀቅ፣ አለዚያ ይሰናበት ተባለ። በ1905 የታተመው የኩፕሪን ልቦለድ «ዱዌል» የተጻፈው በዚህ ሥርዓት ላይ ነው፤ የሚያበቃውም ምክትል መቶ አለቃ ሮማሾፍ እንዴት እንደሞተ ለአዛዡ በቀረበ ደረቅ ሪፖርት ነው።