«ቅጣቱ ይክበድ» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች፦ ስለ ሕፃናት ጥበቃ

«ሕጉ ስለላላ ነው፤ ቅጣቱ ይክበድ።» ልጅ ተጎዳ በተባለ ቁጥር የሚነሳው ይኸው ነው። ሕጉ ግን አለ። ያለዕድሜ ጋብቻን እንውሰድ። የቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ 213/1992) የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አድርጓል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ደግሞ ልጅቷ 13 ዓመት ካልሞላት እስከ 7 ዓመት፣ ከሞላት እስከ 3 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል።

ክሱ የሚወድቀው ዕድሜን ማስረዳት ላይ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ 15 ዓመት የሞላት ልጅ ስትወለድ መዝጋቢ አልነበረም። ስለዚህ ፖሊስ ወደ ሐኪም ይልካታል። የእጅ አጥንት ራጅ የሚሰጠው ግምት ነው፤ ሁለት ዓመት ያህል ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። «ከ17 እስከ 19» የሚል ወረቀት ችሎት ሲደርስ ጥርጣሬው ተከሳሹን ይጠቅማል። ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት ከፍ ቢደረግም ወረቀቱ ያው ነው።

ማሻሻያ የሚያስፈልገው አሠራሩ ነው። መርማሪ ከራጁ በፊት የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀትና የአንደኛ ክፍል መመዝገቢያ እንዲሰበስብ በመመሪያ ይገደድ፤ የታላላቆቿና የታናናሾቿ ዕድሜም ይጣራ። ልጅቷ ለመምህር፣ ለወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ፣ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ያንኑ ታሪክ ስትደጋግም ቃሏ ይለዋወጣል፤ ተከላካይ ጠበቃም ያንን ይይዛል። ቃሏን የሠለጠነ ሰው አንዴ ይቀበላት፣ ፋይሏንም አንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ እስከ መጨረሻው ይከታተል። ለመጓጓዣና ለጊዜያዊ ማረፊያ ወረዳው ራሱን የቻለ በጀት ይያዝለት፤ ዓርብ የመጣ ጥቆማ መኪና እስኪገኝ ሰኞ ከደረሰ ሠርጉ እሑድ አልፏል። አሁን የሚወለዱትን በተመለከተ ደግሞ አዋጅ 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ከወለዳችሁበት ጤና ተቋም የልደት ማሳወቂያ ሳትቀበሉ አትውጡ።

«መምህር ለሥርዓት ሲል መምታት ይችላል።» አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከልክሎታል።

«ወላጅ ያጣ ልጅ ቦታው ማሳደጊያ ነው።» ማሳደጊያ የመጨረሻው አማራጭ ነው። መጀመሪያ ዘመድ ይፈለጋል፤ ካልተገኘ አደራ ቤተሰብ (ልጁን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ) ወይም የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በአዋጅ 1070/2010 ስለተዘጋ ይህ ቅደም ተከተል ይበልጥ መጠበቅ አለበት። በማሳደጊያ ካሉት ብዙዎቹ በሕይወት ያለ ወላጅ አላቸው፤ ከቤት ያወጣቸው ድህነት ነው። ለማሳደጊያ የሚወጣው ገንዘብ መጀመሪያ ልጁን ለያዘችው አያት፣ ለቀለብና ለደብተር ይድረስ።