ቶንሲል ነው ተብሎ አልለቅ ስላለ የጉሮሮ ሕመም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጉሮሮ ከታመመና ትኩሳት ካለ ቶንሲል ነው፤ አሞክሲሲሊን ይበቃዋል።»

ቶንሲል የሚያብጠው የአካል ክፍል እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። የሚያሳብጠው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል፤ ሳይታከም ቢቀር የልብ በር (ቫልቭ) ሊጎዳም ስለሚችል ችላ አይባልም። ቶንሲልን የሚያሳብጠው ሌላው ሕመም፣ ሞኖ (ሞኖኑክሊዮሲስ)፣ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። አንገትን በጣት መዳሰስ ፍንጭ ይሰጣል። በስትሬፕ የሚያብጠው ንፍፊት ከመንጋጋ ሥር ወደ ፊት ነው። በሞኖ ግን ከጆሮ ኋላ ወደ ትከሻ የሚወርደው መስመርም ይጎረብጣል፤ ድካሙም ለሳምንታት ይቆያል። ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

«ሽፍታ አወጣኝ፤ ፔኒሲሊን አይስማማኝም።»

ሞኖ ያለበት ሰው የፔኒሲሊን ዘር የሆነውን አሞክሲሲሊን ሲወስድ ከቀናት በኋላ ቀይ ሽፍታ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ብቻውን የዕድሜ ልክ አለርጂ ማለት አይደለም። ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል።

«ዊዳል ፖዘቲቭ ነው፤ ታይፎይድ ይዞኛል።»

ዊዳል የታይፎይድ የደም ምርመራ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሠራ የድሮ ኢንፌክሽንንም ፖዘቲቭ ይላል፤ አስተማማኙ ጀርሙን ከደም አሳድጎ የሚለየው የደም ካልቸር ነው። ሐዋሳ ላይ ትኩሳት ያለው ሰው መጀመሪያ የወባ ምርመራ ያድርግ፤ ወባ ጊዜ አይሰጥም።

«የሞኖ ምርመራው ኔጌቲቭ ነው፤ ስለዚህ ሞኖ አይደለም።»

በመጀመሪያው ሳምንት ፈጣኑ ምርመራ ብዙ ጊዜ ይስታል። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ላይ ሊምፎሳይት የሚባሉት ከነጭ የደም ሴሎች ከግማሽ በላይ ከሆነና ቅርጻቸው የተለወጠው 10 በመቶ ከደረሰ ሞኖ ይጠረጠራል። አዲስ የኤችአይቪ ኢንፌክሽንም ቁርጥ ሞኖን ይመስላል። ተራው የፀረ-አካል ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኔጌቲቭ ሊል ስለሚችል፣ ከተጋለጡበት ቀን 3 ወር ሲሞላ ይደገማል። ንፍፊቱ ከወር በላይ ከቆየ የቲቢ ነገር መታየት አለበት፤ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል።

«ሞኖ የሚተላለፈው በመሳሳም ብቻ ነው።»

በምራቅ ነው፤ አንድ ብርጭቆ መጋራትም ይበቃል። ምልክቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ስለሚመጣ ከማን እንደያዘ መፈለግ ልፋት ብቻ ነው።

«ትኩሳቱ ከለቀቀ ኳስ መጫወት ይቻላል።»

በሞኖ ጣፊያ አብጦ ሊሆን ይችላል፤ ያበጠ ጣፊያ በክርን ምት፣ አንዳንዴም ያለ ምት ይፈነዳል። ሕመሙ ከጀመረ ቢያንስ 3 ሳምንት ኳስ፣ ትግልና ከባድ ሸክም ይቅር። በግራ የጎድን አጥንት ሥር ወይም በግራ ትከሻ ድንገተኛ ሕመም ከተሰማ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይኬዳል።