ዲፕስቲክ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ፦ ዘይቱ እንዴት ይለካል?

ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን ዘይት መለኪያ ዘንግ (ዲፕስቲክ) ያገኘ ሰው የካምቢዮውንም እዚያው ቢፈልግ፣ በብዙ ዘመናዊ አውቶማቲክ መኪኖች ላይ አያገኘውም። ልኩ ያለው ከስር ነው። በካምቢዮው የዘይት ማጠራቀሚያ ወይም በጎኑ ላይ የትርፍ ማፍሰሻ ቡሎን አለ፤ በብዙዎቹ ከቀዳዳው ውስጥ አጭር ቱቦ ወደ ላይ ቆሟል። ዘይቱ የቱቦውን አፍ ካለፈ ትርፉ ይፈሳል፣ ካልደረሰበት አይፈስም። መሙያው ከዚህ ከፍ ብሎ የሚገኝ ሌላ ቡሎን ነው።

ይህ ቀዳዳ እውነቱን የሚናገረው ግን በተወሰነ ሙቀት ብቻ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይዘቱ ስለሚጨምር፣ በጣም ግሎ ሲከፈት ልክ የነበረው ዘይት «ትርፍ» መስሎ ይወጣና ካምቢዮው ጎድሎ ይቀራል። ቀዝቅዞ ከተለካ ደግሞ ሲሞቅ ከልክ ያልፋል። ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለመደ ክልል ነው፤ ዜድ ኤፍ (ZF) በተባለው የጀርመን አምራች ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮዎች ከ30 እስከ 50 ነው። የራስን መኪና ቁጥር ከአምራቹ መመሪያ ማየት ያስፈልጋል። ሙቀቱን ከመኪናው ኮምፒውተር በሚያነብ መሣሪያ (ስካነር) እንጂ በእጅ ዳሰሳ መገመት አይቻልም።

መኪናው በአራቱም ጎማ እኩል ከፍ ብሎ አግድም መቆም አለበት። ፊቱን ብቻ በክሪክ አንስቶ መለካት ከንቱ ነው። መጀመሪያ የመሙያው ቡሎን ይፈታል፤ ተጣብቆ እምቢ ካለ የታችኛውን አለመንካት ይሻላል፣ አለዚያ ፈስሶ የሚመለስበት መንገድ የለም። ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ በእያንዳንዱ ቦታ ጥቂት ሰከንድ እየቆየ ይዞርና ወደ ፒ ይመለሳል። መመሪያው ሌላ ካላለ ሞተሩ አይጠፋም። ከጠፋ በቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ያለው ዘይት ወደ ታች ይመለስና ቀዳዳው ሲከፈት ብዙ ይፈሳል፤ ጀማሪ የሚሳሳተው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ሙቀቱ ክልሉ ውስጥ ሲገባ የታችኛው ቡሎን ይፈታል። ዘይቱ በኃይል ቢወርድም አያስደነግጥም፤ ጅረቱ እየቀጠነ ክር ያክላል፣ ከዚያም ይቆራረጥና ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። የሚዘጋው ያኔ ነው፣ በአዲስ ሮንዴላ። ምንም ካልወጣ በእጅ ፓምፕ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር እየተጨመረ፣ ሙቀቱም እየታየ፣ እስኪፈስ ይጠበቃል። የጭስ ማውጫው ቅርብና የጋለ ስለሆነ ጓንት አይረሳም።

የሚጨመረው ዘይት አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ብቻ ነው፤ የሲቪቲ (በቋሚ ማርሽ ፈንታ በቀበቶ ወይም በሰንሰለት የሚሠራ ካምቢዮ) ዘይት ከተራ አውቶማቲክ ዘይት ጋር አይለዋወጥም። የፈሰሰውን በነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጎ ማየትም ጥሩ ነው፦ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው የውስጥ የፍሪሲዮን (ክላች) ዲስኮች ተጎድተው ሊሆን ይችላል።

ዘይት ሲያንስ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ዲ ላይ ሲገባ መኪናው ዘግይቶ ይነሳል፣ ዲስኮቹም ይንሸራተታሉ። ሲበዛ ደግሞ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን ይመቱትና አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ግፊት ስለማይይዝ ምልክቱ ከማነስ ጋር ይመሳሰላል። ካምቢዮ እንደ ሞተር ዘይት አይበላም። ጎድሎ ከተገኘና ቀድሞ በትክክል ተሞልቶ ከነበረ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ የማቀዝቀዣው ቱቦዎች፣ የአክሰል ሲሎችና የማጠራቀሚያው ጋስኬት ቀድመው ይፈተሻሉ።

መርሴዲስ 722.6 ካምቢዮ ለብቻው ነው። የዲፕስቲክ ማስገቢያ ቱቦ አለው፣ የመለኪያ ዘንጉ ግን አብሮ አይመጣም፤ መካኒኩ የ25 እና የ80 ዲግሪ ምልክት ያለው የአገልግሎት ዘንግ አስገብቶ ይለካል።