በትምህርት ቤት ግቢ የስልክ ማማ፦ «ምድብ 2ቢ» ምን ማለት ነው?

ጎንደር ውስጥ፣ አዘዞም ይሁን ማራኪ፣ በትምህርት ቤት ግቢ የስልክ ማማ ሊተከል ነው ከተባለ ወላጅ ቀድሞ የሚያነሳው «ካንሰር ያመጣል ተብሏል» የሚለውን ነው። ነገሩ የመጣው ከዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ነው። ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2011 የስልክ ማማም የሚልከውን የሬዲዮ ሞገድ «ምድብ 2ቢ» ውስጥ አስገባው፤ ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል፣ ማስረጃው ግን ውስን ነው ለማለት። ምድቡ የሚያሳየው የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን አይደለም። ከሙሉ የእሬት ቅጠል የሚወጣው ጭማቂም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው።

ሞገዱ በራቀ ቁጥር ቶሎ ይደክማል። አንቴናው በዋናነት የሚልከው ወደ ጎን ስለሆነ ማማው ሥር ብዙ ጊዜ ደካማ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው የማማው የናፍጣ ጄኔሬተር ነው። የናፍጣ ሞተር ጭስን ያው ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 ምድብ 1 ውስጥ አስገብቶታል፤ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል ማለት ነው። እናም ስብሰባ የምትገቡ ወላጆች፣ ጄኔሬተር ይኖረው እንደሆነ፣ ካለም ከመማሪያ ክፍሉ መስኮት ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ ጭሱ በየት በኩል እንደሚወጣ አጥብቃችሁ ጠይቁ። የሞገዱንም ልኬት በጽሑፍ ጠይቁ። የዘርፉ ተቆጣጣሪ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።