በእንግሊዝኛ የወራጅ ውኃ ስሞች

እንግሊዝኛ ለወራጅ ውኃ ብዙ ስም አለው፤ የሚለያቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የውኃው መጠን ሳይሆን ስሙን ያወጡት ሰዎች ማንነት ነው። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት እንኳ ሪቨርን (ወንዝን) ከክሪክ የሚለይበት ይፋ መለኪያ የለውም፤ በስም መዝገቡ ሁሉንም «ስትሪም» በሚል አንድ ምድብ ያስገባቸዋል።

ከሁሉ የሚያሳስተው ክሪክ ነው። በአሜሪካ ጅረት ማለት ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲን አቋርጦ ፖቶማክ የሚገባው ሮክ ክሪክ አንዱ ነው። በእንግሊዝ በተለይ በኬንትና በኤሴክስ ዳርቻ ግን፣ ባሕር ወደ የብስ ገባ ያለበት ጠባብ ስፍራ ክሪክ ይባላል፤ ውኃው ከባሕሩ ጋር አብሮ ይሞላል፣ ይጎድላል። ዴራንና ቡር ዱባይን የሚለየው ዱባይ ክሪክም የዚሁ ዓይነት ጨዋማ ውኃ ስለሆነ «የዱባይ ጅረት» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው። ክሪክ ሁሉ ትንሽ ነው ማለትም አይቻልም። የአውስትራሊያው ኩፐር ክሪክ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሆኖም በአብዛኞቹ ዓመታት ኤር ሐይቅ ሳይደርስ በረሃ ላይ ይቀራል።

በብሪታንያ ትንሹ ጅረት በደቡብ ብሩክ፣ ከስካንዲኔቪያ የመጡት ኖርዶች በሰፈሩባቸው በዮርክሽርና በከምብሪያ ቤክ፣ በስኮትላንድ ደግሞ በርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1314 ስኮትላንዳውያን ድል ያደረጉበት ባኖክበርን ስሙ ከዚሁ የመጣ ነው። ዊንተርቦርን ለየት ይላል፦ በኖራ ድንጋይ አገር የቀዝቃዛው ወራት ዝናብ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከፍ ሲያደርገው ይፈስሳል፣ በሞቃቱ ወራት ይደርቃል። በሞቃቱ ወራት ደረቅ ቦይ አይቶ አጠገቡ ቤት የሚገዛ ሰው ይህን ቢያውቅ ይበጀዋል።

በቨርጂኒያ ረን የሚለው የተለመደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 ጦርነት የተደረገበት ቡል ረን ጅረት ነው። በኒው ዮርኩ ሃድሰን ሸለቆ ለጅረት የሚሰጠው ኪል የሚለው ስም ከደች የመጣ ነው፤ መግደል ከሚለው ቃል ጋር አይገናኝም። የሉዊዚያናው ባዩ ከቾክታው ሕዝብ ቋንቋ በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ሲሆን፣ እጅግ ዝግ ብሎ የሚሄድ ውኃ ነው።

በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ያሉት አሮዮና ዋሽ ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ናቸው፤ ራቅ ብሎ ተራራ ላይ ሲዘንብ፣ ከላይ ሰማዩ ጥርት ባለበት እንኳ ጎርፍ ድንገት ይደርሳል። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ኃይለኛ ጎርፍ አብዛኞቹን ትናንሽ መኪኖች ሊወስድ ስለሚችል፣ ውስጡ ድንኳን መትከልም ሆነ ውኃ እያለ በመኪና መሻገር አይገባም።

ሲጻፍ እንግሊዞች «ሪቨር ቴምስ»፣ አሜሪካውያን «ሃድሰን ሪቨር» ይላሉ። በሁለቱም ስም ፊት «ዘ» ይገባል፤ በሮክ ክሪክ ፊት ግን አይገባም።