አምባ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው ባሕር ዳር አጠገብ ያለችውን የቤዛዊትን ፎቶ ለጥፎ «እሳተ ገሞራ ገፍቶ ያወጣው አምባችን» ብሎ ጽፏል። ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ። አሁን ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ቤዛዊት ኮረብታ ናት። ውብ ኮረብታ ናት፤ ዓባይን ቁልቁል ታሳያለች፣ አናቷ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ። ግን እስከ ላይ በመኪና ይወጣባታል። አምባ እንዲህ በዋዛ አያስወጣም፤ ጎኑ ቀጥ ያለ ገደል፣ አናቱ ሜዳ ነው።

ከስሙ ይልቅ የሚያናድደኝ «ገፍቶ ያወጣው» የሚለው ነው። አምባን ከታች የገፋው ነገር የለም። አምባ ቅሪት ነው። ዙሪያው ሄደ፣ እሱ ቀረ።

መሶብ ላይ የተደራረበ እንጀራ አስቡ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የቀለጠ ድንጋይ ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተነጠፈ ደጋውን ሸፈነው። በየመካከሉ የእሳተ ገሞራ አመድና አፈር ገባ። ከዚያ በላተኞቹ መጡ፤ ወንዞች ማለቴ ነው። እያንዳንዱ በየፊቱ እየቆረሰ ወደ መሃል ገባ። ሳይበላ መሃል ላይ የቀረው ቁራሽ አምባ ነው። ወጥ የነካው እንጀራ ቶሎ እንደሚያልቅ ሁሉ አመዱም ቶሎ ይሸረሸራል። ሥሩ ሲበላበት ከላይ ያለው ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ቀጥ ብሎ ይገመሳል። ገደሉ ቀጥ ያለው ለዚህ ነው። ከሥሩ የተከመረው ድንጋይ ደግሞ ፍርፋሪው ነው። እርግጥ እንጀራ ውፍረቱ እኩል ነው፤ የላቫ፣ ማለትም የዚያ የቀለጠ ድንጋይ ንጣፍ ግን አንዱ ጥቂት ሜትር፣ ሌላው በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ሊሆን ይችላል።

«30 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ አምባ» የሚል ጽሑፍም አያለሁ። ያ የድንጋዩ ዕድሜ ነው። እንጀራው ጠዋት ተጋግሮ ማታ ሊበላ ይችላል። አምባው መቼ ተቆርሶ እንደቀረ ማወቅ ሌላ ሥራ ነው።

«አምባ እኮ መንደር ማለትም ነው» ብሎ የተከራከረኝ አለ። እውነቱን ነው። ሰው ከጠላት ለመሸሽ አናቱ ላይ ይሰፍር ነበር፣ ስሙም ለሰፈሩ ተረፈ። የጎንደር ነገሥታት ለዙፋን የሚያሰጓቸውን ዘመዶቻቸውን ያኖሩት ወህኒ አምባ ላይ ነው፤ «ወህኒ ቤት» የምንለውም ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። ግን ቃሉ ለመንደር መዋሉ ኮረብታውን ሁሉ አምባ አያደርገውም።

እሳተ ገሞራ ራሱ የከመረውን ማየት የፈለገ ከጣና በስተደቡብ ያሉትን ትንንሽ ሾጣጣ ጉብታዎች ይመልከት። ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ተተፍቶ የተከመረባቸው ናቸው። በአዲስ ዘመን ከተማ በኩል ወደ ጎንደር ሲኬድ ከመንገዱ ዳር የሚታየው ቀጥ ያለ የድንጋይ ዓምድ ደግሞ ሌላ ነው። በእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ የረጋ ድንጋይ ነው፤ ዙሪያው ተሸርሽሮ ብቻውን ቀረ። እሱም ቅሪት ነው፣ ግን ንብርብር የለውም። ስለዚህ አምባ አልለውም።

መንገድ ላይ አምባ የመሰላችሁ ነገር ካጋጠማችሁ፣ ገደሉ ላይ አንድ ጥቁር መስመር፣ ማለትም የአንድ ንጣፍ ጠርዝ ምረጡ። ከዚያ ከሸለቆው ማዶ ያለውን ገደል እዩ። ጣና ዙሪያ ትንሽ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ መሬቱ ወደ ሐይቁ ስለሰመጠ ንብርብሩ ወደዚያው ያዘነብላል፣ መስመሩም ልክ በአንድ ከፍታ ላይ ላይገኝ ይችላል። ያንኑ መስመር ማዶ ካገኛችሁት ግን፣ ሁለቱ ገደሎች አንድ ወቅት ላይ አንድ መሬት ነበሩ።