«ባዶ ጋራ» ስለሚባለው መሬት የምንሳሳታቸው ነገሮች

አዲስ አበባ ውስጥ ከኮተቤ እስከ ሽሮ ሜዳ ዳገት፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ስለ እንጦጦ ጋራ የሚነሳ ክርክር አለ። ዛፉ ይቆይ ወይስ ቤት ይሠራበት? እኔም ደጋግሜ የሰማኋቸውን ላንሳ።

«ባዶ መሬት ነው፣ ማን ይጠቀምበታል?»

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከተማው ከሥሩ ነው። የቀበና ወንዝ የሚወርደው ከዚያ ነው። የክረምቱን ዝናብ አፈሩ ካልጠጣው ቁልቁል ይመጣል። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ደግሞ ውሃ አይጠጣም። ጋራው ላይ የሠራው ሰው እግሩ ላይረጥብ ይችላል። ጎርፉ የሚገባው ታች ወንዝ ዳር ያለው ሰው ቤት ነው። እሱን ደግሞ ለክርክሩ የጠራው የለም።

«ባሕር ዛፍ ምኑ ደን ነው?»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ባሕር ዛፍ መገኛው አውስትራሊያ ነው፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ማገዶ ሲጠፋ ነው የተስፋፋው። ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሣር በቅጡ አይበቅልም። ግን ይሄ ለቪላ ምክንያት አይሆንም። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ይዞ አገር በቀል ዛፎችን እየተከለ ነው። ባሕር ዛፍን በጽድና በወይራ መተካት ይቻላል። የፈሰሰ ኮንክሪትን ግን ማን ይነቅለዋል?

«ከገበሬው በገንዘቤ ገዝቻለሁ»

ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጥ መሬት የለውም። ደላላው ሦስት ምስክር ቢያስፈርምም ያው ነው። «መብራት ገብቷል» ቢልህም አትመን፤ ቆጣሪ ካርታ አይሆንም። አንድ ዘመዴ ዕቁቡን እዚያ አፍስሶ፣ ቤቱ በአንድ ማለዳ ፈረሰበት።

«ጨረቃ ቤት የሚሠራ ሁሉ ሌባ ነው»

ያለ ፈቃድ በሚሠራ ቤት የሚነግድ አለ፣ አልክድም። ብዙው ግን ኪራይ ያባረረው ነው። በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣ ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቀ ሰው ስንት አለ!

«ከዛፉ ቦታ ሌላ መሬት የለም»

መሃል ከተማ ታጥረው ዓመታት የቆዩ ቦታዎች አሉ። ደግሞ ጥያቄው የዛፍና የቤት ብቻ አይደለም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የቆመው ደን ላይ ሳይሆን ጤፍና ስንዴ ሲዘራበት በኖረ መሬት ላይ ነው። ከከተማው ዳር ከተነሱት ገበሬዎች ውስጥ በቀድሞ ማሳቸው ላይ ዘበኛ ሆነው የተቀጠሩ አሉ።